ነገረ ጉርሻ፤ ወይም ጓድ አምሳሉ ምሳ የተወበት ምክንያት

ክቡር አንባቢ ሆይ፣ ከፍጥረታት ሁሉ ይልቅ ዕረፍት የተነፈገው ደም ነው፤ ውኃ ቢፈስ ወርዶ ወርዶ ከባሕሩ ገብቶ ያርፋል፣ ነፋስም ቢነፍስ ከተራራ ተላግቶ ይበርዳል፣ ያለ ፍርድ የፈሰሰ ደም ግን ምድር አልቀበልህም፣ ሰማይም አላስገባህም ብለውት፣ ጌታው እንደ ሞተበት ውሻ ከደጃፍ ወደ ደጃፍ ሲንከራተት ይኖራል። ይህም ነገር ለዘመነ ነገሥት ብቻ የተጻፈ እንዳይመስልህ፤ ዘውድ ወርዶ፣ መዶሻና ማጭድ በሰንደቅ ላይ ወጥቶ፣ ጌታዬ የሚለው ቃል ከአፈ ሕዝብ ተነቅሎ በስፍራው ጓድ የሚለው በተተከለበት፣ ግድግዳውም ጆሮ አብቅሎ ጆሮው ደመወዝ በሚበላበት በዚያ በአስጨናቂውና በአስፈሪው ዘመን እንኳ ደም ያው የጥንቱ ደም ነበረ፣ ዝም በል ቢሉትም አልሰማም።

በዚያም ወራት፣ በዓባይ በረሃ አፋፍ፣ ቀድሞ ጨረቃ ማርያም ትባል በነበረች፣ ኋላ ግን ማርያም በእጅ ማውጣት ድምፅ ከስሟ ተሽራ ንጋት ኮከብ በተባለች መንደር፣ ጓድ አምሳሉ የሚባል ልሳነ ረዥም፣ ከርሠ ጥልቅ ካድሬ ተሾሞ ነበር። ስለ ዓለም ላብ አደሮች መናገር ሲጀምር ያረገዘችው ወልዳ፣ የተወለደውም ጥርስ አብቅሎ ንግግሩ ገና መግቢያው ላይ ይገኝ ነበር፤ የሕፃኑ ጥርስ ወልቆ ዳግመኛ በቀለ የሚሉም አሉ፣ እኔ ግን ማጋነን ስለማልወድ አልቀበላቸውም። ከባላባቱ ቤት የተነቀሉት ታላላቅ መዝጊያዎች ጎን ለጎን ተጋድመው የኅብረት ሥራ ማኅበሩ የጋራ ገበታ ሆነው ነበርና፣ ቀትር በሆነ ጊዜ አራሹም ሸማኔውም ካድሬውም በዚያው ዙሪያ ተቀምጠው ይበሉ ነበር፤ ጓድ አምሳሉም የሦስት አራሽ ድርሻ ብቻውን ጠራርጎ ስለ እኩልነት ያስተምር ነበር። የገበታውን ወጥ የሚሠሩት እማማ አትጠገብ የሚባሉ ባልቴት ሲሆኑ፣ ከዚህ ዓለም ሀብት የነበራቸው አንድ ወንድ ልጅ ብቻ ነበር፤ እርሱም አቻምየለህ የተባለ፣ ብርቱ አራሽና ሳቂታ ጎልማሳ ነበረ። ይህ ጎልማሳ በአንዱ ስብሰባ ብድግ ብሎ፣ «ጓድ፣ ስለ ዓለም ላብ አደሮች ሰማን፣ ይባረኩ። የማኅበራችን ሁለቱ ቀያይ በሬዎች ግን የት ገቡ? ኢምፔሪያሊዝም በላቸው እንዳንል ቀንዳቸው እንኳ አልተገኘም» ብሎ ጠየቀ። ሕዝቡም የሳቀው ሳቅ ዓባይን ተሻግሮ ከማዶ ያለውን ገበሬ ሞፈር አስጣለው፤ ጓድ አምሳሉ ብቻ አልሳቀም። ሳምንት ሳይሞላ አቻምየለህ ከወንዙ ዳር ራሱን ተፈንክቶ፣ ሞቶ ተገኘ።

ሬሳውም ሳይቀበር ጓድ አምሳሉ ገዳዩን አገኘሁት አለ። ያገኘውም ዘውዴ የሚባለውን፣ በዱሮ ዘመን የባላባቱን በቅሎ ይጠብቅ የነበረውን ምስኪን ነበር፤ የአድኃሪ ርዝራዥ ለመሆኑ ምን ማስረጃ አለ ቢሉት፣ «ስሙን አትሰሙም?» ብሎ መለሰ፣ በዚያም ዘመን ይህ ታላቅ ማስረጃ ነበረ። ዘውዴም በጎተራ ታሰረ። ከአውራጃው ከተማም መቶ አለቃ የሺጥላ የተባለ መርማሪ ፖሊስ በበቅሎ ተላከ፤ ይህ ሰው የደም ነጠብጣብና የጣት አሻራ ትምህርት ሞስኮብ ድረስ ሄዶ የተማረ፣ በዚያም ብርድ ሲናገር ቃሉ በረዶ ሆኖ ከጫማው ላይ ይወድቅ የነበረ ጠቢብ ነው። ነገር ግን መርምር ተብሎ አልተላከም፤ የአውራጃው አዛዥ ሻለቃ አጥላባቸው ለማኅበሩ የምሥረታ በዓል ሲመጡ ዘውዴ በሕዝብ ፊት ይረሸናልና፣ አንተ ምርመራው ተጣርቷል ብለህ ፈርም ተብሎ ተላከ እንጂ። መርማሪውም ወንዙን አየ፣ ድንጋዩን አገላበጠ፣ ጎተራ ገብቶ ዘውዴን ጠየቀ፤ በሕሊናውም ይህ ሰው ገዳይ አይደለም የሚል ነገር እንደ ቁንጫ ገብቶ ይነክሰው ጀመር። ቢቀመጥ እሾህ፣ ቢቆም ረመጥ ሆነበት፤ ብዕሩን ያነሣል፣ መልሶም ይጥለዋል፤ መንደሩን ከመዞሩ ብዛት ውሾቹ እንኳ መጮኹ ሰልችቷቸው አብረውት ይዞሩ ነበር ይባላል።

እንዲህ ሲቅበዘበዝ ሰንብቶ፣ በአንዱ ቀትር ከጋራው ገበታ ሲቀመጥ፣ የሦስት አራሽ ድርሻ በላተኛው ጓድ አምሳሉ በስፍራው አለመኖሩን አስተዋለ። ቀና ብሎም በጽሕፈት ቤቱ መስኮት ቢመለከት፣ ካድሬው ደረቅ ብስኩት እንደ አይጥ ሲቆረጥም አየው፤ ቀበቶውም እንደ ላላ፣ ጉንጩም እንደ ጎደጎደ ያን ጊዜ ልብ አለ። ወደ ወጥ ቤቱም ገብቶ፣ «እማማ፣ ጓድ አምሳሉ ጾም ያዙ እንዴ?» አላቸው።

«ጾሙንማ በስብሰባ ሽረውታል» አሉ እማማ አትጠገብ፣ ማማሰያውን ሳይተዉ። «ልጄ ከሞተ ወዲህ ነው፤ እጄ የነካውን አይቀምሱም።»

«ለምን ይመስልዎታል?»

«አንተ እንኳ የተማርከው ሞስኮብ ነው አሉ። እዚያ ይህ ነገር አይነገር ይሆናል። የእናትህ አገር የት ነው?»

«ቋራ ነው።»

«እንግዲያውስ ምን ትጠይቀኛለህ?»

እውነትም መጠየቅ አያሻውም ነበር። በቋራም በዓባይም አፋፍ ሥርዓት፣ ሰው የገደለ ሰው ሽማግሌ ገብቶ ደሙ ሳይደርቅ፣ ከሟች ወገን ጋር በአንድ ገበታ አይቀርብም፣ ከእጃቸውም አይጎርስም፤ ቢጎርስ ሆዱ እንደ አቁማዳ ይነፋል፣ ዘሩም ከምድር ይነቀላል ይባላል። የመርማሪው አያት ሰው ገድለው በረሃ ሲንከራተቱ፣ በረኃብ ሊሞቱ ደርሰው እንኳ የሟች እኅት የሰጠቻቸውን ቁራሽ ሳይቀምሱ ጥለው አልፈዋል። ጓድ አምሳሉም ጠበል የለም፣ መርገም የለም፣ ሥላሴም የለም እያለ በአደባባይ ሲሰብክ ሳለ፣ ይህችን አንዲት ፍርሃት ብቻ ከሆዱ ማውጣት ተስኖት ነበር። ይሁን እንጂ ብስኩት መቆርጠም በየትኛውም ሕግ ወንጀል አይደለም፤ ካድሬ ገደለ ብሎ የሚጽፍ መርማሪም ቀለሙ ሳይደርቅ ከዘውዴ ጎን ይቆማል።

የበዓሉም ዕለት ሻለቃ አጥላባቸው በላንድሮቨር ደረሱ። መቶ አለቃ የሺጥላም ቀርቦ ሰላምታ ሰጥቶ፣ «ጓድ ሻለቃ፣ ይህ ሕዝብ ገዳይ ከሟች እናት እጅ ቢጎርስ ሆዱ ይነፋል ብሎ ያምናል። ከፍርዱ በፊት እናቲቱ ተከሳሹንም የማኅበሩንም መሪ ቢያጎርሱ፣ አብዮታችን አጉል እምነትን እንደ ደመሰሰ አገር ሁሉ ያያል» አላቸው። ሻለቃውም አጉል እምነት መደምሰስ ከምሳ ይልቅ ይወዱ ነበርና እጅግ ደስ አላቸው፤ ሕዝቡንም ሰብስበው ይህንኑ አወጁ። መርማሪው ግን እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሞ የካድሬውን አፍ ብቻ ይመለከት ነበር፤ ጓድ አምሳሉ ልቡን አደንድኖ አንዲት ጉርሻ ቢውጥ፣ ዘውዴ በዚያው ሰዓት ሙት ነውና።

እማማ አትጠገብ አስቀድመው ወደ ዘውዴ ሄዱ። እጁ የፊጥኝ ታስሮ ነበር። «አፍህን ክፈት፣ ልጄ» አሉት። እርሱም ክፍት አድርጎ ዋጠና፣ «እማማ፣ አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላል፤ ከእርስዎ ጋር ተጣልቼ መሞት አልፈልግም» አለ።

«ሁለተኛውን ማን ከለከለህ?»

«ሦስተኛም ቢመጣ አልቀየምም።»

አራሾቹ አንገታቸውን ደፍተው ሳቁ፤ አንዳንዶቹ ግን ዓይናቸውን በነጠላ ጠረጉ። ከዚህ በኋላ ባልቴቲቱ እጃቸውን ዳግመኛ ታጥበው፣ ሥጋውን ከመረቁ አጥቅሰው፣ ዝግ ብለው ወደ ካድሬው ተራመዱ።

«ጓድ፣ ተራው የእርስዎ ነው።»

«ጠግቤያለሁ፣ እናት።»

«በምን ጠገቡ? ገበታችንን ከተዉ ሰነበቱ።»

«በብስኩት ነዋ» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ፤ የማን እንደ ሆነ ግን እስከ ዛሬ የሚናገር አልተገኘም።

«ሌላውን ሰው በሞቴ እለው ነበር» አሉ እማማ አትጠገብ፣ እጃቸውን እንደ ዘረጉ። «እኔ ብሞት ለእርስዎ ምን ግድዎ? በልጄ ሞት፣ በአቻምየለህ ሞት፣ ይህችን አንዲት ብቻ ይጉረሱልኝ።»

ሻለቃውም፣ «ክፈት እንጂ፣ ጓድ፤ የሰፊው ሕዝብ እጅ ነው» አሉ። መረቁ በባልቴቲቱ ክንድ ላይ ወርዶ በክርናቸው ይንጠባጠብ ጀመር። ጓድ አምሳሉም ከንፈሩን ሊያላቅቅ ሞከረ፣ ደም ሥሩ እንደ ጠፍር ገመድ ተገተረ፣ ላቡም ከግንባሩ በርበሬ የሚያጠጣ ያህል ፈሰሰ፤ ያ ማርያምን ከመንደር ያወጣ አፍ ለአንዲት ቁራሽ ሥጋ ሳይከፈት ቀረ። በመጨረሻም ወደ ኋላው ሸሸት ብሎ በጥርሱ መካከል፣ «አልበላም» አለ። ሴቶቹም ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አነሡ።

ሻለቃ አጥላባቸው መርማሪውን በክንዱ ይዘው ከመኪናው ጥግ ወሰዱት። «ምንድን ነው ያደረግኸኝ?» አሉት ቀስ ብለው። «የአብዮቱ ካድሬ ነፍስ አጠፋ ብዬ ለበላይ እጽፋለሁ ብለህ ነው?»

«ነፍስ አጠፋ አይበሉ፣ ጓድ ሻለቃ። በአጉል እምነት ተይዞ የሰፊውን ሕዝብ እጅ በአደባባይ ናቀ ይበሉ። በእርስዎ ፊት።»

«ሟቹስ?»

መቶ አለቃ የሺጥላ ዘውዴ ሲጎርስ ወዳየው ሕዝብ በዓይኑ አመለከተ። «ዘውዴ ካልገደለው፣ ካድሬም የማይገድል ከሆነ፣ ድንጋይ አዳልጦት ወድቋል።»

እንዲህም ሆኖ ተጻፈ፤ ተፈረመም። ጓድ አምሳሉ ሽጉጡን ተፈትቶ በላንድሮቨሩ ተጫነ፤ ዘውዴ እስራቱ ሲፈታለት ከሁሉ አስቀድሞ የዳሰሰው አንገቱን ነበር፣ ከዚያም ከገበታው ቀርቦ የካድሬውን ድርሻ እያነባ በላ። መርማሪው በቅሎውን ሲጭን እማማ አትጠገብ መጡ።

«ልጄን ማን ገደለው ብለህ ጻፍህ?»

ዋሽቶ ማምለጥ ይችል ነበር፣ አልዋሸም። «ድንጋይ ብዬ ጻፍሁ፣ እማማ። ያንን ባልጽፍ ይህን ሰው ይገድሉት ነበር። ገዳዩን እኔም እርስዎም እናውቀዋለን፤ ወረቀቱ ነው የማያውቀው።»

እማማ አትጠገብም በልቶ የሚያለቅሰውን ዘውዴን አሻግረው አዩ። «ለዚህስ ተባረክ» አሉ። «ወረቀትማ ምን ታደርገዋለህ፤ እናት የለው።» ይህንም ብለው ፊታቸውን አዞሩ፤ እርሱም በበቅሎው ተቀምጦ፣ ዳገቱን እስኪጨርስ ሁለት ጊዜ ወርዶ ሁለት ጊዜ ሊመለስ አስቦ፣ ሳይመለስ ሄደ። እውነት በጓሮ በር በምትገባበት አገር ሕያው ከሞት ይተርፋል፣ ሟች ግን ዳግመኛ ይሞታል።