የቅበላ ዕለት ክኒን

ልክ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አለነ ጓዳ ገብቶ ክኒኗን በውኃ ዋጣት። ሃምሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ለሐኪም እጁን ሰጥቶ የማያውቅ የደባርቅ እህል ነጋዴ ነው፤ ዛሬ ግን ልቡ እንደ ጎረምሳ ልብ ይደልቃል። ምን ያድርግ! ሚስቱ ከሞተችበት በኋላ ስድስት ዓመት ብቻውን ኖሮ፣ የዳባቷን የትናየትን ካገባ ገና ሳምንቱ ነው። በዚያች ሳምንት አንድም ቀን ባል መሆን አልቻለም። አንድ ቀን ወገቤን፣ ሌላ ቀን ደከመኝ እያለ ፊቱን ሲያዞርባት፣ ጠላኝ ብላ ልብሷን ቋጠረች። ዛሬ ቅበላ ነው፤ ነገ ሁዳዴ ገብቶ ሃምሳ አምስት ቀን መኝታ ይለያል። "እህቴ በለጠች ለቅበላ ስትመጣ አብሬያት እሄዳለሁ" ብላ ቁርጡን ነግራዋለች።

የመድኃኒት ቤቷ ፈይዛ የልብ መድኃኒት እንደማይወስድ ሦስት ጊዜ አስምላ ነው ሁለት ፍሬ የሸጠችለት። "በባዶ ሆድ ይውሰዱ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ትሠራለች። ከዚያ ጉበት እየጠረገ ያስወጣታል። በቀን ከአንድ በላይ ግን እንዳይሞክሩ!" ብላዋለች።

ሆዱ ባዶ ነበር፤ ባዶነቱ ግን ሩብ ሰዓት እንኳ አልቆየም። በለጠች በእልልታ ገባች፤ በእጇ ቅቤ የሚዋኝበት ዱለት።

"ብላ እንጂ! ነገ ሽሮ ነው!" ብላ አጎረሰችው። አለነ ሊሸሽ ሲል፣ "አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ሁለት ያፋቅራል!" ብላ ደገመችው። ሦስተኛም አራተኛም መጣ። የሚስቱን እህት ጉርሻ እንቢ የሚል ወንድ ስሜን ውስጥ ገና አልተወለደም።

አሥር ሰዓት ሆነ። ምንም የለም። አሥር ተኩል። ምንም! የዳባት የመጨረሻው ሚኒባስ ሊነሳ አንድ ሰዓት ተኩል ቀረው።

ጓሮ ወጥቶ ሁለተኛዋን ክኒን መዳፉ ላይ አስቀመጠ። የበለጠች ተረት ጆሮው ላይ አቃጨለ። ለካ ክኒንም እንደ ጉርሻ ነው! አንዷ አጣላችኝ፣ ሁለተኛዋ ታፋቅረኛለች! ወደ አፉ ሊያስጠጋት ሲል ግን የፈይዛ ቁጣ ትዝ አለው። ክኒኗን እንደጨበጠ በአስፋልቱ ላይ ሮጠ፤ ያየው ሁሉ ቤቱ የተቃጠለ መሰለው።

"ምን በሉ?" አለች ፈይዛ።

"ዱለት።"

"ቅቤ ነበረው?"

"ኧረ ቅቤው ነው ዱለት የነበረው!"

ፈይዛ ሳቋን ዋጠች። "አይ አባባ! ቅባት ሲበዛ እኮ ጨጓራ የያዘውን ቶሎ አይለቅም። መድኃኒቷ ደም ውስጥ የምትገባው አንጀት ስትደርስ ነው። አንድ ሰዓት ያህል ትዘገያለች እንጂ አልቀረችም።"

"ጉበቴ ጠርጎ አስወጥቷት እንዳይሆን?"

"ጉበት የሚጠርገው የደረሰውን ነው፤ እሱም በየአራት ሰዓቱ ግማሽ ግማሹን። ሁለተኛ ቢጨምሩ ኖሮ ሁለቱ ደምዎ ውስጥ ተገናኝተው፣ ግፊትዎ ወርዶ ይወድቁ ነበር። ያምጧት!" እጇን ዘረጋች፤ ሰጣት። "ደግሞ ክኒን ደም ይጠራል እንጂ ፍቅር አይጠራም። ሚስትዎን ያናግሯት።"

ሲመለስ የየትናየት ቋጠሮ በር ላይ ተቀምጧል። እጇን ይዞ ጓዳ አስገባት።

"የትናየት፣ አልጠላሁሽም። አፍሬ ነው" አለና ሁሉንም ዘረገፈው፤ የሳምንቱን ሰበብ፣ ክኒኗን፣ ቅቤውን፣ ጨጓራውን።

አፍጣ አየችው። ከዚያ እንባዋ መጣ፤ ከእንባው ኋላ ሳቋ።

"እኔ እኮ አረጀሁበት ብዬ ሳምንቱን ሙሉ አለቀስሁ!" አለችና እጁን ጥብቅ አድርጋ ያዘችው። አለነ በደስታ ጮቤ ሊረግጥ ምንም አልቀረውም። ቅቤውም መንገድ መልቀቅ የጀመረ መሰለው።

የጓዳው መጋረጃ ተገለጠ። በለጠች ናት፤ በእጇ ጡጫ የምታክል ጉርሻ ይዛለች። "አለነ፣ መሰናበቻዬን!"

የትናየት ዘላ እጇን ያዘች። "ተይው እታለም! አንዲት ጉርሻ እንዳትጨምሪበት!"

ጉርሻውን ራሷ ጎርሳ፣ እህቷን ጉንጯን ስማ፣ ሚኒባሱ እንዳያመልጣት እያጣደፈች እስከ በሩ ሸኘቻት። ስትመለስ ቋጠሮዋን አንስታ ገባችና በሩን ዘጋችው።