ከማን እንደመጣ

ልብስ ሰፊዋ የምርመራ ውጤቷን በሰማችበት ቀን፣ ለምሳ የመጣውን ባሏን ገና ከበሩ ሳያልፍ ያዘችው።

«የማኅፀን በር ካንሰር ሊያመጣ የሚችል ቫይረስ ተገኝቶብሻል ተባልኩ። በግንኙነት ነው አሉ የሚተላለፈው። ከየት አመጣህብኝ?»

አናጺው ባሏ ክው አለ። «እኔ? ካንቺ ሌላ ሴት አላውቅም!»

እናቱ ሶፋው ላይ ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። እሷ ግን አፏን መግታት አቃታት፤ አማቷ ፊት ሙልጭ አድርጋ ሰደበችው። ምሳውን ሳይነካ ወጣ። ሦስት ቀን ወርክሾፑ ውስጥ አደረ።

በአራተኛው ቀን ለተጨማሪ ምርመራ ጤና ጣቢያ ሄደች። አዋላጇ ነርስ የማኅፀን በሯን አይታ ስትጨርስ፣ «የተለወጠ ነገር የለውም» አለቻት። «ቫይረሱ ተገኘ ማለት ካንሰር ያዘሽ ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ሰውነት ራሱ ያጠፋዋል። ብቻ ከዓመት በኋላ ተመለሺ፤ እንዳትቀሪ።»

«ባሌ ነው ያመጣብኝ።»

«በምን አወቅሽ? ድምፁን አጥፍቶ ዓመታት ሊቀመጥ ይችላል እኮ። ከትዳርሽ በፊት ይዞሽም ሊሆን ይችላል።»

ጫማዋን ማሰር ጀምራ ተወችው። ከጋብቻዋ በፊት ሌላ እጮኛ ነበራት። ባሏ ጠይቋት አያውቅም፤ እሷም ትንፍሽ አላለችም። ዘጠኝ ዓመት ክፉ ቃል ያልተናገራትን ሰው፣ ያውም እናቱ ፊት! መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

በቀጥታ ወርክሾፑ ሄደች። ሰጋቱራ ለብሶ በር እየላገ አገኘችው።

«ምን አሉሽ? ደህና ነሽ?» አላት ቀድሟት። ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

«ደህና ነኝ። የከሰስኩህ በከንቱ ነው። ከማን እንደመጣ አይታወቅም። ከእኔም ሊሆን ይችላል፤ ካንተ በፊት ሰው ነበረኝ።»

መላጊያውን አንሥቶ ሁለት ሦስቴ ላገና አቆመ።

«እሱ ያለፈ ነገር ነው። ያንገበገበኝ እማዬ ፊት መሆኑ ነው።»

«እኔው እነግራቸዋለሁ።»

ነገረቻቸው፤ የእጮኛዋን ነገር ሳትደብቅ። አማቷ አንገታቸውን ደፍተው ሰሟትና፣ «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» አሉ። «በአንቺ ቃል የገዛ ልጄን ጠረጠርኩት። ይሄን በምን ትክሺኛለሽ?»

ባሏ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ አማቷ ግን ከሰላምታ በላይ አላናገሯትም።

በዓመቱ ባሏ ራሱ ወሰዳት። ቫይረሱ ጠፍቷል ተባለች። ጤና ጣቢያው ደጃፍ ላይ ቆማ መጀመሪያ የደወለችው ለአማቷ ነበር።

«እሰይ፣ ልጄ» አሉ።

ልጄ ካሏት ዓመት ሆኗቸው ነበር።