የጋሼ አስማረ ጋቢና

ጋሼ አስማረ መኪናቸውን ወደ ጋራዥ ግቢዬ ያስገቡት ጥምቀት ሊደርስ ስድስት ቀን ሲቀረው ነበር። ሲገቡ የቀኝ ስፖኪዮዋ የበሩን ምሰሶ ገጨ። ወረዱና ምሰሶውን ትክ ብለው አዩት፤ ማታውን የበቀለ ነው የመሰላቸው።

"ይኸውልህ ሚሊዮን፣" አሉኝ። "የዚች መኪና መስኮት ሰው ሊያስገድለኝ ነው።"

መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ መኪናዋን የማያውቅ የለም። አንድ ፈረንጅ አገር ላገር ሲዞር ውስጧ ያድርባት የነበረች፣ አልጋና ምድጃ ያላት የመኪና ቤት ናት። ሞተሯ እዚህ ሲበላሽበት ጥሏት ሄደ። ጋሼ አስማረ አስነሥተው የራሳቸው ካደረጓት ሃያ ዓመት አልፏል። ምድጃውን ነቅለው በቦታው የስፌት መኪና ተከሉ። እሳቸው ይነዳሉ፤ ባለቤታቸው እትዬ መዓዛ ይሰፋሉ። እስከ ወገዳ ድረስ ከገበያ ገበያ ይዞራሉ።

"ዘንድሮ ሁሉም ነገር ከጎን ነው የሚመጣብኝ፤ በሬው፣ አህያው፣ የጭድ ሸክሙ።"

"የቄሱን ጥላስ አትነግረውም?" አሉ እትዬ መዓዛ ከኋላ በር ሲወርዱ። "በስፖኪዮው ነጥቋቸው ሄደ እኮ! ቄስ ገብረ ሚካኤል ሮጠው ደርሰውብን ምን ቢሉ ጥሩ ነው? 'ልጄ፣ ጥላዬን ብቻ ነው የወሰድኸው፤ እኔን ትተኸኛል፤ እግዜር ይስጥህ!'"

"አንች ሳቂ። እኔ ቃል ገብቼላቸዋለሁ። ከእንግዲህ ሰው ከነካሁ መሪ አልጨብጥም ብያለሁ።" ወደኔ ዞሩ። "ፈረንጁ የሠራት ለመተኛት ነው እንጂ ለማየት አይደለም። ጋቢናዋ እየጠበበችብኝ ነው።"

"ሃያ ዓመት ያልጠበበች ዘንድሮ ጠበበች?" አሉ እትዬ መዓዛ።

"ብረት አይጠብም ያለሽ ማነው?"

የጋቢናዋ የጎን መስኮቶች እውነትም ትንንሽ ናቸው፤ ከተማሪ ደብተር ብዙ አይበልጡም። አይከፈቱም። ግቢዬ ጥግ ላይ ደግሞ አንድ የተገለበጠ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ነበር፤ ከጎኑ ሁለት መስታወት ከነጎማው ደኅና ወጥቶልኛል። ወደ ታች ሁለት ስንዝር፣ ወደ ኋላ አንድ ስንዝር ብናሰፋ መስታወቱ ልክ እንደሚሆን ነገርኋቸው። የወገዳ ሰዎች የበዓል ልብስ በጥምቀት ዋዜማ መድረስ አለበት አሉኝ። ይደርሳል አልሁ።

ሥራው አራት ቀን ወሰደ። መጀመሪያ የመስታወቱን ቅርጽ ካርቶን ላይ አወጣሁ፤ ካርቶኑን በሩ ላይ ለጥፌ ዙሪያውን አሰመርሁ። ከዚያ ላሜራውን ቆረጥሁ። ብረት ሲቆረጥ ሌላ ነገር አይሰማም፤ እኔም በዚያ ሰዓት የማስበው አላጣም። ጠርዙን ሞርጄ፣ ዝገት እንዳይበላው ቀለም ቀባሁት።

መስታወት የሚገባው በሲባጎ ነው። ጎማውን መስታወቱ ላይ ታለብሳለህ፤ በጎማው ቦይ ዙሪያውን ሲባጎ ታስገባለህ፤ የሳሙና ውኃ ትቀባለህ። አንድ ሰው ከውጭ ይገፋል፤ ሌላው ከውስጥ ሲባጎውን ሲስብ የጎማው ከንፈር ብረቱን ይነክሳል። እኔ ገፋሁ፤ እትዬ መዓዛ ሳቡ።

"ቀስ ብለው፣ እትዬ። በአንዴ ከሳቡት ጎማው ይተለተላል።"

"ክር መሳብ እኔን ታስተምረኛለህ? ግፋ ዝም ብለህ!"

ሁለቱም መስታወቶች ገቡ። ብርሃኑ የጋቢናውን ወለል ሁሉ አሳየ፤ መቀመጫው ሥር ዓመታት የቆዩ የልብስ ቁልፎችና የተሰበሩ መርፌዎች ተገኙ። ጋሼ አስማረ ወጥተው መሪውን ይዘው ተቀመጡ። ፊት ለፊት አዩ።

"ስንት ነው ያሰፋኸው?"

"ወደ ታች ሁለት ስንዝር፣ ወደ ኋላ አንድ።"

"አልሰፋም።"

እትዬ መዓዛ በቀኙ መስኮት አጠገብ ቆመው ነበር። "እኔ የቆምሁት የት ነው ታዲያ? በግድግዳ ውስጥ?"

ጋሼ አስማረ አንገታቸውን አዞሩ። ሚስታቸውን ከራስ መሸፈኛቸው እስከ ወገባቸው አዩአቸው። "ሰፍቷል፣" አሉ። ወደ ፊት ተመለሱ። ትንሽ ቆይተው እንደገና ዞሩ፤ እንደገና ተመለሱ።

"ሚሊዮን፣" አሉ በመጨረሻ፣ "ከኋላ ጎማው ተነሣና በቀኝ ጎኔ ወደ ፊት ና። እኔ አልዞርም። ሳይህ ቁም እልሃለሁ።"

ከኋላ ጎማው ተነሣሁ። አዲሱን መስኮት እጄን ብዘረጋ በማንኳኳው ርቀት አለፍሁት። የፊት መብራቱንም አለፍሁ። ከመብራቱ አራት እርምጃ ስርቅ ነው "ቁም!" ያሉት። እትዬ መዓዛ እግሬ ሥር ድንጋይ አስቀመጡ። በግራ በኩልም እንደዚሁ አደረግን፤ እዚያ አምስት እርምጃ ሆነ።

ወርደው በሁለቱ ድንጋዮች መካከል ቆሙ።

"ይህች ናት የቀረችኝ?" አሉ።

እትዬ መዓዛ መጥተው አጠገባቸው ቆሙ።

"አባቴም እንዲህ ነበር፣" አሉ ጋሼ አስማረ። "ሲያርስ ምሳውን ይዤለት እጎኑ እቆም ነበር። ትልሙን እያየ ያልፈኛል። የሚንቀኝ ይመስለኝ ነበር።"

"ደብረ ታቦር ሄደው ይታዩ፣ ጋሼ። የዓይን ግፊት የሚባል በሽታ አለ፤ ከጎን ያለውን እንዳያዩ ያደርጋል። የጠፋው ባይመለስ እንኳ የቀረውን ያቆዩታል ይባላል።"

"እሄዳለሁ። በአውቶቡስ።"

ድንጋዮቹን በእግራቸው ወደ አጥሩ ገፉ። የመኪናዋን ቁልፍ ከኪሳቸው አወጡ፤ ግን ወዲያው አልሰጡኝም።

"መንጃ ፈቃድ አለህ አይደል?"

"አለኝ።"

"ቃሌን ሳልበላ ልብሱ ወገዳ ይድረስ። ከበዓሉ በኋላ ነጂ እንፈልጋለን፤ ወይ መዓዛ ትማራለች።"

"እኔ?"

"ሃያ ዓመት ሙሉ ከኋላ ሆነሽ ስትነጅኝ አልነበር?"

በማግስቱ ጠዋት ተነሣን። እትዬ መዓዛ ከኋላ ቁልፍ ይተክላሉ። ጋሼ አስማረ በቀኜ ተቀመጡ፤ እጃቸውን የት እንደሚያኖሩት ጠፍቷቸው ጉልበታቸውን ያዙ። መንገዱ ድንጋይና አቧራ ነው። ከከተማ ሳንወጣ ጀመሩኝ፦ "ሦስተኛ ላይ ትንገራገራለች፣ አታስገድዳት።" "ፍሬኑን አስቀድመህ ንካው።" "እዚህ ጋ ጉድጓድ አለ፣ በግራ ያዝ።" ጉድጓዱ ነበረ። ከፊት ያለውን ሁሉ ያውቁታል።

አንድ ሰዓት ያህል እንደሄድን አንገታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ፤ እንደዞሩም ቀሩ።

"መዓዛ፣ ያ ቆርቆሮ ቤት መቼ ተሠራ?"

"የትኛው?"

"በሩ ሰማያዊ የሆነው። ከዋርካው ሥር።"

"ኧረ እሱ ሦስት ዓመት ሆነው። በየሳምንቱ እኮ ነው የምናልፈው።"

"ሰው አለበት?"

"አምስት ልጆች አሉበት። ሁልጊዜ መንገዱ ዳር ቆመው እጃቸውን ያወዛውዙልሃል። ለምን አትመልስላቸውም እያልሁ ነበር።"

ቤቱን አለፍነው። ጋሼ አስማረ ወደ ኋላ ዞረው በአዲሱ መስታወት እስኪጠፋ ድረስ አዩት። ዳገቱ ሲጀምር ሁለተኛ አስገባሁ። ማርሹ ተንጫጫ፤ እሳቸው ግን ዓይናቸውን ከመስኮቱ አላነሡም።