ሟቹ ያልታወቀበት ለቅሶ

አላህ ይርሐማቸውና፣ ጎረቤቴ እማማ ጣሂራ በቺሮ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። አንድ ቀን አረጋውያንን የሚጠይቁ ወጣቶች መጡ። ሂክማ የምትባለው ልጅ እጃቸውን ስማ፣ «እማማ፣ ልናጽናናዎት ነው የመጣነው» አለች።

«ማን ሞተብኝ?»

«ማንም አልሞተም።»

«እንዲህ ተሰብስባችሁ? ግድየለም፣ ቀስ ብለሽ ንገሪኝ» አሉና ድምፅ አውጥተው አለቀሱ።

ለቅሶውን የሰማ ጎረቤት ሁሉ ገባ። ጫት ነጋዴው ካሚል ሱቁን ዘግቶ መጣ። ምንጣፍ ተነጠፈ፣ ዱዓ ተደረገ። ሟቹ ማን እንደሆነ የጠየቀ የለም፤ ሁሉም ሌላው የሚያውቅ መስሎታል። እማማ ብቻ፣ «ባሌ ሞቷል፤ እህቴም ሞታለች። ታዲያ ማን ቀርቶኝ ነው?» እያሉ ያለቅሳሉ።

በመጨረሻ ሂክማ አላስችል ብሏት እውነቱን ተናገረች።

«ሰው ሳይሞት ነው ሱቄን የዘጋሁት?» ብሎ ካሚል ጫማውን መፈለግ ጀመረ። ሌላውም ተነሳ።

እማማ ዓይናቸውን ጠረጉ። «ቁጭ በሉ እንጂ። ቦኬ ይኖር የነበረው ወንድሜ ሞቶብኛል።»

«ኢናሊላህ፣ መቼ?» አለ ካሚል።

«በደርግ ጊዜ። ያኔ ለቅሶ የደረሰኝ ሰው አልነበረም።»

ካሚል ጫማውን መፈለጉን ትቶ ተመልሶ ተቀመጠ። «ታዲያ» አላቸው፣ «ምን ዓይነት ሰው ነበር?»