የሰባት ቁጥር ኮምፒውተር

አዲሶቹ የተዋጊ አውሮፕላን ኮምፒውተሮች ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፤ ከአንዱ ነቅለህ ሌላው ላይ ትሰካለህ። ሽማግሌው ቴክኒሻንም ሰኞ ዕለት ከሰባት ቁጥር ነቅሎ አራት ቁጥር ላይ ሰካ፤ የአራት ቁጥሩን ደግሞ ሰባት ቁጥር ላይ። ማክሰኞ ሰባት ቁጥር የእህቱን ልጅ እንደያዘ ተከሰከሰ።

ረቡዕ ረፋድ ላይ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ሃንጋር ውስጥ በቆመው አራት ቁጥር ስክሪን ላይ ከፍታው ሲወርድ አየ፤ ዘጠኝ መቶ፣ ስድስት መቶ፣ ሦስት መቶ። ኤሌክትሪኩን ቆረጠው። ቁጥሩ ግን መውረዱን አላቆመም። ከቆመበት መሰላል ዘሎ የአብራሪው ወንበር ላይ ተቀመጠና መሪውን በሁለት እጁ ወደ ደረቱ ሳበው። ቁጥሩ አርባ ላይ ቆመ።

ባልደረቦቹ ሮጠው መጡ። «ጋሼ፣ ምን ነካዎት? ይውረዱ እንጂ!»

«አልወርድም» አላቸው ላቡ ጠብ ጠብ እያለ፤ «ከለቀቅኩት ልጄ ይወድቃል።»