ከሃያ ቃል ያልበለጠ

በአንድ ቃል ሰው ገድያለሁ ብል ማጋነን ይሆንብኛል። በሃያ ቃል ነው የገደልኩት። ቆጥሬያቸዋለሁ።

ነገሩ የጀመረው በ1979 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው። ቦንጋ አማርኛ ሳስተምር አራተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። አዲስ አበባ ያሉ የመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ለትምህርት ቤታችን አንድ ጥቅል ባዶ ካርድ ላኩ። አብሮት የመጣው ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦ አንድ ተራ ቃል ምረጡ፤ ገበሬውም፣ ነጋዴውም፣ ቢሮውም በየሥራው ምን እንደሚጠራበት ጠይቁ፤ ለእያንዳንዱ አንድ ካርድ ሙሉ፤ ማብራሪያው ከሃያ ቃል አይብለጥ፤ ከሥሩ የተናጋሪው ስም፣ መኖሪያና ፊርማ ይኑር። ባልደረቦቼ ካርዱን ተከፋፍለው የተማሪ ስም መጻፊያ አደረጉት። እኔ ግን እንደ ሹመት ተቀበልኩት።

ምን ላድርግ፣ ሰልችቶኝ ነበር። የጎጃም ሰው ነኝ። የቦንጋ ዝናብ ልብሴን በሳጥን ውስጥ እንዳለ ያሻግተዋል። እናቴ እማማ ታንጉት ደብረ ማርቆስ ብቻዋን ናት፤ ዓይኗ እየደከመ በመጨረሻው ደብዳቤዋ ላይ የሚጽፍላት ሰው «ፊትህን ሳላየው እንዳይጨልምብኝ» ብሎ ጽፎልኛል። አራት ጊዜ ዝውውር ጠይቄ አራት ጊዜ «በትዕግሥት ይጠብቁ» ተብያለሁ። በትዕግሥት የሚጠብቅ ሰው ደግሞ እጁ ላይ የገባውን ሥራ አጥብቆ ይይዛል።

የመረጥኩት ቃል «አውራ» ነበር። ከሺሺንዳ የመጣው የመንገድ ሠራተኛ ዋለ አውራ ማለት ጎዳና ነው አለኝ፤ ሌላው ሁሉ ለሱ «የፍየል መሄጃ» ነው። ሱቅ ያለው ጋሽ ኑሪ አውራ ዶሮን በድምፁ ሳይሆን በቁመቱ መግዛት ሞኝነት መሆኑን ግማሽ ሰዓት አስረዳኝ። የቀበሌዋ ጸሐፊ ዙፋን ከሁሉም አሳቀችኝ። እሷ ዘንድ አውራ ማለት ጣት ነው፤ ጠዋት የወረፋውን ርዝመት አይታ «ዛሬስ የአውራ ጣት ጎርፍ ነው የመጣብኝ!» ትላለች፤ ሰውየው ከጣቱ በላይ ያለው አይታያትም። እየሳቅኩ ጻፍኩት። ያኔ ሁሉም ያስቀኝ ነበር።

የቀረኝ የንብ አውራ ነው። ዘጠነኛ ክፍል የማስተምራት አልጣሽ አባቷ ንብ አናቢ ነበሩ፤ ባፈና ይባላሉ። ቤታቸው ወደ ጅማ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ፣ ሁለት ሰዓት በእግር የሚያስኬድ ጫካ ውስጥ ነው። ጎጡ እንኳ «እነባፈና ጋ» ነው የሚባለው። አንድ ቅዳሜ አልጣሽ ይዛኝ ሄደች።

ሽማግሌው አማርኛ ሰላምታ ያህል ነው የሚያውቁት፤ ልጅቷ ታስተረጉም ነበር። ዕድሌ ሆኖ ያን ቀን ከቀፎ የወጣ መንጋ ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ ላይ አርፎ ደረስን። ባፈና እጃቸውን ባዶውን ሰደዱት። በጣታቸው ብቻ እየዳሰሱ፣ ከዚያ ሁሉ ሺህ መካከል አንዷን፣ አውራዋን፣ አወጡ። ጣት በምታክል የቀርከሃ ቁራጭ ውስጥ ከተው የቁራጯን አፍ በቃጫ አሰሩና አዲስ ቀፎ ውስጥ አኖሯት። ወዲያው መንጋው እንዳለ ተነሥቶ ወደ ቀፎው መግባት ጀመረ። ማንም አልነዳው፣ ማንም አላጨሰበት።

ባፈና ወደኔ ዞረው ሦስት ጣታቸውን አሳዩኝና ረዘም አድርገው ተናገሩ።

«ሦስት ቀን ነው የሚታሰረው ይላል» አለች አልጣሽ። «ከሦስት ቀን በኋላ መፍታት ነው። መንጋው ቤቱን ይለምዳል። አልፈታም ካልክ ግን አውራው እዚያው ይሞታል፤ መንጋውም ሥራ ይፈታል፣ ያለውን በልቶ ይበተናል። ማሰሩን ሁሉም ይችላል፣ መፍታቱን ነው የማይችሉት ይላል።»

ማታ ቤቴ ተቀምጬ ጻፍኩት። መጀመሪያ አርባ አንድ ቃል ሆነ። ቀነስኩ። ሠላሳ ሆነ። ሦስቱን ቀን ካስገባሁ መጨረሻው ይንዘላዘላል፤ ካወጣሁት ግን ዐረፍተ ነገሩ ልክክ ይላል። አወጣሁት። የቀረው ይኸው ነው፦ «ንብ አናቢ መንጋ ሲያርፍ አስቀድሞ አውራውን ፈልጎ ይይዛል፤ በቀርከሃ ቁራጭ ከትቶ አዲሱ ቀፎ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ መንጋው ያለ አስገዳጅ ተከትሎ ይገባል።» ሃያ ቃል። አንዲት አይተርፍ፣ አንዲት አይጎድል። ደስ ብሎኝ ሁለት ጊዜ ጮክ ብዬ አነበብኩት። በገበያ ቀን ባፈናን አግኝቼ ከስማቸው ሥር በወይን ጠጅ ቀለም አስፈረምኳቸው። በአውራ ጣታቸው።

ካርዶቹን አሽጌ መላክ ስችል የረቡዕ ውይይት ክበብ ላይ ይዤ ቀረብኩ። ማንም አላስገደደኝም፤ መታየት አምሮኝ ነው። መምህራኑ በዶሮው ሳቁ፣ በዙፋን ሳቁ። የንቡን ሳነብ ከኋላ ከተማሪዎቹ መካከል አልጣሽ እጇን አወጣች።

«ጋሼ፣ ሦስት ቀኑስ?»

«ቦታ አልበቃም» አልኳት።

አንድ ያልሳቀ ሰው ነበር፤ ጓድ ለገሰ። የመንደር ምሥረታው ኃላፊ ነው። ከዋጫ በቅርቡ ነው የተዛወረው፤ እዚያ ሥራውን በጊዜ አጠናቆ ተመስግኖበታል፤ እዚህ ግን የጫካው ሰው አስቸግሮታል። ለእነባፈና ጎጥ ሦስት ጊዜ ስብሰባ ጠርቶ ሦስቱንም ጊዜ «ባፈና ሲሄድ እንሄዳለን» ብለው ሸኝተውታል። ክበቡ ሲበተን መጣና የንቡን ካርድ ከእጄ ወሰደ። አንብቦ ሲጨርስ ዓይኑ ከሥር ወዳለው ስም ወረደ፣ እዚያው ቆመ።

«ጓድ አምባው፣ እኛ ስንት ወር ሙሉ መንጋውን ስናባርር ከርመናል» አለኝ። «ሰውየው ራሱ መላውን ነግሮህ፣ ፈርሞበት!»

ሳቅኩ። የምሬን ነው፣ ጓድ ለገሰ ቀለደ ብዬ ሳቅኩ።

በሳምንቱ ሁለት ሚሊሺያ ሄዶ ባፈናን አመጣቸው። አልተመቱም፣ አልተሰደቡም። ከአውራ ጎዳናው ዳር በመስመር ከተተከሉት ጎጆዎች መካከል ብቸኛዋ የቆርቆሮ ክዳን ያላት ለእሳቸው ተሰጠች። ብርድ ልብስ፣ እህል፣ ሁሉም ተሟላ። በሩ ላይ አንድ ሚሊሺያ ጠመንጃውን አቅፎ ተቀመጠ። ከዚያ ካርዱ ላይ ያልኩት ሁሉ ሆነ። በአራተኛው ቀን ሁለት ቤተሰብ የፈረሰ ቤቱን ምሰሶ ተሸክሞ መጣ። በአሥረኛው ቀን ግማሹ ጎጥ ገባ። ወሩ ሳይሞላ ጫካው ውስጥ የሚጨስ ቤት አልነበረም። እንሰቱን ከነሥሩ ጥለው፣ ቡናውን ዛፍ ላይ ትተው፣ ያለ አስገዳጅ ተከትለው ገቡ።

ለገሰ ቢሮው አስጠራኝ። ስገባ ባፈና ጥግ ላይ ባለ ወንበር ተቀምጠዋል፤ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ከስተው። አልጣሽ አጠገባቸው ቆማለች።

«ጽሕፈትህ ያምራል» አለ ለገሰ። «ከላይ የሚጎበኙ ጓዶች ይመጣሉ። ሽማግሌው ወደ መንደሩ የገቡት በገዛ ፈቃዳቸው ለመሆኑ አንድ ገጽ ጻፍልኝ። አንተም ምስክር ሆነህ ትፈርማለህ።» ከዚያ መሳቢያውን ከፈት አድርጎ አንድ ወረቀት ጫፉን አሳየኝ። የኔው የዝውውር ማመልከቻ ነበር፤ አራተኛው። «ይህም እኔ ጋ ደርሷል። የድጋፍ ደብዳቤ ብቻ ነው የጎደለው።»

ለገሰ ክፉ ሰው አልነበረም። ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ባፈና እኔን እያዩ ቀስ ብለው ተናገሩ። አልጣሽ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ አስተረጎመች።

«ሦስት ቀን ብዬ ነግሬህ ነበር ይላል። ዛሬ ሠላሳ አራት ቀኑ ነው። ማሩ ሳይበላሽ ቀፎዎቼን ልይ፣ ጠዋት ሄጄ ማታ እመለሳለሁ፣ ልጄ መያዣ ትሁን ይላል። ለዚህ ሰውዬ ሦስት ቀኑን ነግረኸዋል? ይላል።»

ለገሰ የጣት ቀለሙን ሳጥን ለመክፈት ይታገል ነበር፤ የተባለውን አልሰማም። እዚያው መናገር እችል ነበር። «ጓድ፣ ካርዱ ግማሽ ነው፤ እኔ ነኝ የቆረጥኩት፤ ይፈቱ» ማለት ብቻ ነው። እሱ እንኳ ሃያ ቃል አይሞላም። ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር። መሳቢያው ግን ክፍት ነው። እናቴ ጨለማ ውስጥ ተቀምጣ ታየችኝ።

«ነግሬዋለሁ በያቸው» አልኳት በለሆሳስ።

አልጣሽ ቀና ብላ አየችኝ። ብዙ አየችኝ። ከዚያ ወደ አባቷ ዞራ በቋንቋቸው፣ በካፊኖኖ፣ አንዲት አጭር ነገር ተናገረች። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ፊታቸው ፈታ አለ። ነግሬው እምቢ ያለው ለገሰ ነው ብለው ነው መቼም። ገጹን እዚያው ጽፌ ስጨርስ እጃቸውን አንሥተው ወረቀቱ ላይ አውራ ጣታቸውን አሳረፉ። ከጎኑ እኔ ፈረምኩ። ፊርማዬ ያምራል።

ጎብኚዎቹ መጥተው አጨብጭበው ሄዱ። መንደሩ ግን ሥራ ፈታ። ወንዶቹ በየጎጇቸው ደጅ ተቀምጠው መኪና ያያሉ። የማኅበር እርሻ ውጡ ሲባሉ ይወጣሉ፣ ዶማውን ተደግፈው ይቆማሉ። የመጣውን የእርዳታ እህል በልተው ጨረሱ። ለገሰ ሲጮህባቸው ወደ ቆርቆሮዋ ቤት ይመለከታሉ። እሱም ወደኔ መጥቶ «ምን ነካቸው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ የምሩን ነበር። አላውቅም አልኩት።

የቆርቆሮዋ ቤት ግድግዳ እርጥብ ጭቃ ነበር። የየካቲት ዝናብ ሲጥል ባፈናን ሳል ያዛቸው፤ መጋቢት ላይ ደም አስተፋቸው። አንዴ ብርቱካን ይዤ ሄድኩ። ተኝተው፣ በጣታቸው አየሩን እየዳሰሱ አንድ ነገር ይፈልጋሉ። አልጣሽ ብርቱካኑን ተቀብላ ደጅ ላይ አስቀመጠችው። ከሁለት ቀን በኋላ ሞቱ፤ ከመንገዱ ዳር ተቀበሩ። ለቅሶው እንዳበቃ፣ በማግስቱ ጠዋት፣ የጎጡ ሰው ያለውን ተሸክሞ ወደ ጫካው ተመለሰ። ሚሊሺያው ወደ ሰማይ ተኮሰ። አንድም ሰው ዞር ብሎ አላየም። እዚያ የሚጠብቃቸው ግን የፈረሰ ቤት፣ የበሰበሰ ቡናና የጉንዳን መጫወቻ የሆነ ቀፎ ነው።

የድጋፍ ደብዳቤው ቃሉን ጠብቆ መጣ። በዚያው ሳምንት ከአዲስ አበባም መልስ ደረሰኝ፤ የላክሁት የንብ አውራ ካርድ ግልባጭ «አጭርና የተሟላ» ሆኖ ተገኝቷል፤ ምስጋና ቀርቦልኛል። ቀድጄ መጣል አቃተኝ።

ግንቦት መባቻ ላይ ወደ ጅማ የሚሄደው አውቶቡስ ላይ ተሳፈርኩ። ባዶው መንደር ፊት ለፊት ሾፌሩ ጎማ ሊያይ ቆመ። ቆርቆሮውን ነቅለው ወስደውታል። መቃብሩ አጠገብ አረም የምትነቅል ሴት ነበረች፤ ቀና ስትል አልጣሽ ናት። አባቷ ከሞቱ ወዲህ ትምህርት ቤት አልመጣችም። ወደ መስኮቴ ቀረበች። ይቅርታ ልላት አፌን ከፈትኩ፤ ቀደመችኝ።

«አገርዎ ሊገቡ ነው ጋሼ?»

«አዎ። እናቴ ዓይኗ…»

«አውቃለሁ። እግዜር ያገናኝዎ» አለች። እጇ ላይ ያለውን ጭቃ በቀሚሷ ጠረገች። «ያን ቀን ለአባቴ ‹ነግሬዋለሁ› ያሉት፣ ውሸት እንደሆነ አውቄ ነበር። ክበቡ ላይ እኮ እኔ ነኝ የጠየቅኩዎት።»

«ታዲያ ለምን…?»

«እንዳልነገሩለት ቢሰማ በእርስዎ ያዝን ነበር። ማታ ማታ ‹አስተማሪሽ ጥሩ ሰው ነው፣ ነግሮልኛል› ይለኝ ነበር። እስኪሞት እንደዚያ ይለኝ ነበር። እኔም አዎ እለው ነበር።» «ሁለታችን ነን የዋሸነው። እርስዎ ይሄዳሉ። እኔ እዚሁ ነኝ።»

ሾፌሩ ገብቶ ሞተሩን አስነሣ። እሷ ወደ አረሟ ተመለሰች። ደረት ኪሴ ውስጥ የዝውውር ደብዳቤዬና የምስጋናው ወረቀት ነበሩ፤ ጎጀብ ወንዝ እስክንደርስ እጄን ከላያቸው አላነሣሁም።