ሰው አለው

አባቷ ትቶት የሄደው ጠረጴዛ እንዲህ ነበር፦ የተከፈተ መነጽር፣ ክዳኑ የጠፋ እስክሪብቶ፣ በግማሽ የተጠጣ ብርጭቆ ውሃ፣ ከግራው ጠርዝ አራት ጣት ገባ ብሎ ደግሞ በደረቱ የተደፋ የወረቀት ክምር። ሴት ልጁ በሐዘኑ የመጀመሪያ ቀን ሁሉንም ልብ ብላ አየችና ምንም ሳትነካ በሩን ዘጋችው። ሥራዋ የገበያ ሚዛን መመርመር ነው። አንድ ነገር ከመነካቱ በፊት እንዴት እንደነበረ መያዝ ልማድ ሆኖባታል።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ያንን በር ያስከፈቷት አቶ ግን ናቸው። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ይህ አይደለም። በፈላስፎች ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ከአባቷ ጋር ሃያ ሁለት ዓመት ሲሟገቱ፣ አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር «ግን» ስለሚሉ እሱ የለጠፈባቸው ነው።

«ያጽናሽ ልጄ» አሉና ደጃፉ አጠገብ ካለችው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። «ግን…»

ሳታስበው ሳቋ አመለጣት። ከሳሎን አክስቷ ብቅ አለችና ሁለቱንም ገላምጣ ተመለሰች።

ጉባኤው ዘንድሮ የዋለው እዚሁ ከተማ ነው፤ ነገ ይዘጋል። የቆየ ደንብ አለው። ማንም የራሱን ጽሑፍ አያቀርብም። ተቃዋሚው ይቆምና የጸሐፊውን ሐሳብ በራሱ አንደበት ይናገራል፤ ጸሐፊው «አዎ፣ ያልኩት ይህንን ነው» ብሎ ሲያምን ጠረጴዛውን ሁለት ጊዜ ይመታል። ከዚያ በፊት መቃወም ክልክል ነው። ያልተመታለት ጽሑፍ ከዓመቱ ጥራዝ ይወጣል።

«የአባትሽ ጽሑፍ የዘንድሮ ተቃዋሚ እኔ ነኝ» አሉ አቶ ግን። «የሚመታልኝ ነው የጠፋው።»

«ሊቀመንበሩስ?»

«እሳቸው ደግሞ! አባትሽ አንድ ቀን እንኳ ገብቷቸው አያውቅም። ጸሐፊው ከሌለ ደንቡ ወራሽ ይምታ ይላል። ወራሹ አንቺ ነሽ።»

«ጋሼ፣ እኔ እንኳን ፍልስፍናውን እሱንም በቅጡ አላውቀው። በየዓመቱ እናንተን ብሎ ጥሎኝ ሲሄድ ነው ያደግኩት።»

«ለወግ ያህል ነው፤ ሁለቴ ቆርቆር ማድረግ።»

«ለወግ ብዬ ማኅተም ያደረግሁበት ሚዛን የለም። መጀመሪያ ላንብበው።»

አቶ ግን ለመነሳት ጉልበታቸውን ያዙ። «አንብቢው። ከመታሽልኝ በኋላ ግን አልምረውም፤ ዝም ብዬ ብሸኘው ይቀየመኛል።»

ሲወጡ ወረቀቱን ገለበጠችው። አሥራ አንድ ገጽ ነው። ከላይ «መጠበቅ ሥራ ነውን?» ይላል። በመስኮቱ የገባው ብርሃን መጋረጃው በተነፈሰ ቁጥር ይሰፋል፣ ይጠባል፤ የለቀስተኞቹ ድምፅ ከውሃ ሥር እንደሚመጣ ርቆ ይሰማል። ሰባተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ።

«አንዲት ሕፃን ባቡር ጣቢያ አባቷን ትጠብቃለች። ከጎኗ ያለውን ወንበር በቦርሳዋ ይዛለታለች። ሰው ሊቀመጥ ሲል ‹ሰው አለው› ትላለች። ሰው ግን የለም። ዋሸች?»

ሕፃኗ እሷ ናት፤ ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር። አክስቷ ይዛት ሄዳ ከትኬት ሻጯ ጋር ወሬ ጀመረች። አባቷ ከጉባኤው ከአቶ ግን ጋር ሲመለስ፣ መነሻው ጣቢያ ላይ ክርክር ይዘው ባቡሩ ጥሏቸው ሄዷል። ሦስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ጠበቀች። አንድ ወፍራም ሰውዬ «የታለ ታዲያ ሰውሽ?» ብሎ ሲያፋጥጣት፣ «እየመጣ ነው» ብላ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ተጫነችው። በመጨረሻ መጣ። ቦርሳውን አንስቶ ተቀመጠና ወረቀቱን አውጥቶ ማንበብ ጀመረ። አንድ ቃል አልተነፈሰም። ያንን ዝምታ ሃያ ዓመት እንደ ድንጋይ ይዛው ኖራለች።

ቀጣዩ መስመር እንዲህ ይላል፦ «አባትየው ከኋላዋ ቆሞ ይሰማል፤ የሚለው ጠፍቶታል።»

ቀና አለች። በብርጭቆው ያለው ውሃ በሁለት ቀን ውስጥ የክር ውፍረት ያህል ወርዷል።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አንድ አውቶቡስ ደጃፉ ላይ ቆመና ሠላሳ አንድ ፈላስፎች ወረዱ። ለቅሶ ደረሱ፣ ሻይ ጠጡ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ወደ አባቷ ክፍል ገቡ። ክፍሉ ያልበቃው ኮሪደሩ ላይ፣ ኮሪደር ያልበቃው ከመስኮቱ ውጭ ቆመ።

«ደሞ እነዚህ ምን ሊሆኑ ነው?» አለች አክስቷ።

«ሊከራከሩ ነው፣ እትዬ።»

«ሐዘን ቤት?»

«እሱ ቢሆን ምን ይል ነበር?»

አክስቷ ትሪውን እንደያዘች አሰበች። «እሱማ በሠርጉም ቀን ተከራክሯል» አለችና ለራሷ ማየት የሚያስችል ቦታ ፈለገች።

ሴት ልጁ ከጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጠች። አቶ ግን ቆሙ። «ጸሐፊው፣ መጠበቅ ትዕግሥት ነው ይላሉ» ብለው ጀመሩና በሰፊው አስረዱ። ጨርሰው እጇን አዩ። እጇ አልተንቀሳቀሰም።

«እንግዲያው ተስፋ ነው ይላሉ።»

«አላለም» አለች።

ከኮሪደሩ አንዱ «ልክ እንደ አባቷ!» ሲል ሰማች። አቶ ግን ላባቸውን ጠረጉ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አባቷ ይህን እያየ ደስታውን አይችለውም ነበር።

በዚህ መሃል ዘግይቶ የደረሰ አንድ ፈላስፋ እየተሹለከለከ ገባና ከጠረጴዛው ኋላ ያለውን የአባቷን ወንበር ሳበ። ወንበሩ ላይ ቦርሳዋ ነበር። መቼ እንዳስቀመጠችው አታስታውስም።

«ሰው አለው» አለች።

ሰውየው የወንበሩን ድጋፍ እንደያዘ ደርቆ ቀረ። አቶ ግን ቦርሳውን አዩ፣ እሷን አዩ፤ ወረቀታቸውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

«ጸሐፊው» አሉ ዝግ ብለው፣ «ልጅቷ አልዋሸችም ይላሉ። የሚጠብቅ ሰው ቦታ ይይዛል፤ ሥራው ይህ ነው። ቦታ የያዘለት እስካለ ድረስ ያልመጣውም ሰው አለ። ይህንን ነው ያልከው፣ ወንድሜ?»

የጠየቁት ወንበሩን ነበር።

እጇን አነሳችና አንድ ጊዜ መታች። ውሃው በብርጭቆው ውስጥ ክብ ሠራ። ሁለተኛው ከተመታ «ግን» እንደሚከተል ታውቃለች፤ ከ«ግን» በኋላ መልስ የሚሰጥ የለም። ቦርሳዋን ከወንበሩ ላይ አንስታ ጭኗ ላይ አደረገችው። ክቡ እስኪጠፋ ውሃውን አየችው። ከዚያ መታች።

የጉባኤው ጸሐፊ የእጅ ሰዓቱን አይቶ በመዝገቡ ላይ ጻፈ፦ በሁለቱ ምቶች መካከል አሥራ ዘጠኝ ሰከንድ። አባቷ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ከሦስት ሰከንድ አልፎ አያውቅም።